8,000 ደመወዝ፣ 6,000 አበል፦ አባቴ ጡረታ ሊወጡ 3 ዓመት ቀርቷቸዋል፣ ምን ይሻላል?

የፍኖተ ሰላሟ

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አባቴ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራሉ። የገቡት በ2002 ነው። አሁን 57 ዓመታቸው ነው። በቀደም ለባንክ ጉዳይ የደመወዝ ወረቀታቸውን ስፈልግ አንድ ነገር አየሁ። ደመወዝ 8,000 ይላል። ከዚያ የቤት አበል፣ የኃላፊነት አበል፣ «ልዩ ልዩ» ተብሎ በድምሩ 6,000። የጡረታ ተቀናሽ 560 ብር።

እኛ ቤት አባዬ 14 ሺህ ተከፋይ ነው የሚባለው። ጡረታውም በዚያው የሚታሰብ መስሎን ነበር። 560 ብር የ8,000ው 7 በመቶ መሆኑን ሳሰላው ደነገጥኩ። ለእሳቸው ስነግራቸው «ተይው ልጄ፣ ባለ ፋብሪካው ደግ ነው፣ ስንት ቀን ችግሬን አይቶልኛል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ሰውየው ክፉ አይደለም። ግን እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ጡረታው በየትኛው ነው የሚታሰበው? አሁን ቢስተካከልስ ይጠቅማል ወይስ መሽቷል?

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ አልመሸም። እንዲያውም በጥሩ ሰዓት ነው ያየሽው።

ጡረታ የሚታሰበው በደመወዙ ነው። አበል አይገባበትም። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ድምሩ 18 በመቶ ነው። ስለዚህ ለአባትሽ በየወሩ የሚገባው 560 ሲደመር 880፣ ማለትም 1,440 ብር ነው።

አሁን ስሌቱን ተመልከቺ። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የግል ድርጅት ጡረታ የተጀመረው በአዋጅ 715 በ2003 ስለሆነ አባትሽ 60 ሲሞላቸው ወደ 18 ዓመት ይኖራቸዋል። 30 ሲደመር 10፣ 40 በመቶ።

በ8,000 ከሆነ ወርሐዊ ጡረታቸው 3,200 ብር ነው። በ14,000 ቢሆን 5,600 ነበር።

ከቁጥሩ ውስጥ «የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት» የሚለውን ያዢው። አባትሽ የቀራቸው ያው 3 ዓመት ነው። አበሉ ከዚህ ወር ጀምሮ ወደ ደመወዙ ቢጠቃለል ሙሉ 3 ዓመቱ በአዲሱ ይታሰባል። ከዓመት በኋላ ቢጠቃለል ግን አማካዩ ይወርዳል። በየወሩ የምትዘገዩት ጊዜ ዋጋ አለው።

ባለ ድርጅት ከደምበጫ

ነገሩን ከወዲያኛው ወገን ላሳያችሁ። እኔም ጥቂት ሠራተኞች አሉኝ።

ደመወዙ 14,000 ቢሆን አሠሪው ከ880 ይልቅ 1,540 ይከፍላል። 660 ብር ልዩነት ነው። ለአንድ ሰው ትንሽ ነው። ለ40 ሠራተኛ ስታባዙት ግን ወር በገባ ቁጥር ያሳስባል። ይሄ አንዱ ነው።

ሌላውን ማንም አያወራውም። ሠራተኛው ራሱ ነው «አትቁረጡብኝ» የሚለው! ደመወዜ ላይ ጨምረው ስለው «በአበል ይሁንልኝ» ይለኛል። 420 ብር ተጨማሪ ከእጁ ስለሚወጣ። ወጣት ከሆነ ደግሞ ጡረታ የሚባለው ነገር የሌላ ሰው ወሬ ነው የሚመስለው። እኔ ታዲያ ማንን ልቆጣ? አሁን ውሳኔዬ አንድ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑትን ሁሉ ደመወዛቸውን ጠቅልዬላቸዋለሁ። ወጣቶቹ እየተንጫጩ ነው፣ እሱን ደግሞ ቀስ ብለን።

ለእህታችን የምመክረው ፋብሪካው ባለቤት ዘንድ በክስ መልክ እንዳትሄጂ ነው። አባትሽ ራሳቸው በሽማግሌ ወግ ይነጋገሩ። «660 ብር ጨምርልኝና ዕድሜ ልኬን እመርቅሃለሁ» ይበሉት። ጎጃሜ ምርቃት ይወዳል፣ እምቢ አይልም።

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

አያ ደምበጫ፣ ምርቃቱ ጥሩ ነው፤ ደብዳቤም ይኑርበት። ደመወዙ የተጠቃለለበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ከፋይላቸው ውስጥ የተያያዘ። 8,000 የነበረ ሰው ጡረታው ሲቃረብ በአንዴ 14,000 ሲሆን የሚያይ ሰው «እንዴት?» ብሎ ይጠይቃል። ያው አበል መሆኑ በቀድሞው ፔሮል ስለሚታይ መልስ አለው። ወረቀቱ ከሌለ ግን ማስረዳት ቢቻልም ያደክማል።

ባለ ዲከረንሱ (ፋግታ ለኮማ)

ሰዎች፣ እናንተ ሰው 18 ዓመት አዋጥቶ 3,200 ብር ስለሚያገኝበት ነገር ነው ይህን ያህል የምትጨነቁት? 3,200 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የሆነውን አይተናል። አባቴ መምህር ነበር። ጡረታው የሚያልቀው ዘይትና ስኳር ላይ ነው። እኔ ሩብ ሄክታር መሬት ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክዬ በ5 ዓመቱ አክስዬ እሸጣለሁ። ጡረታዬ እሱ ነው። ማንም አይቆርጠውም፣ ማንም «ቅጽ ሙላ» አይለኝም።

ደግሞስ ገንዘቡ የት ነው ያለው? ለዓመታት የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ኖረ። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ እግር ሥር የማይደርስ። የሠራተኛ ገንዘብ ቁጭ ብሎ ሲሟሟ።

የአየሁ እርሻ ጡረተኛ

ልጄ ባለ ዲከረንሱ፣ ስለ ግምጃ ቤት ሰነዱ ያልከው ልክ ነው፤ አልከራከርህም። ስለ ዛፉ ግን ቆይ። አዊ ውስጥ ዲከረንሱን በሽታ ገብቶ ስንቱን ሰው ባዶ እጁን እንዳስቀረው አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። እኔ ጓሮዬ ባሕር ዛፍ አለኝ። ለልጅ ሠርግ፣ ለቆርቆሮ፣ ለሕክምና ይሆናል። አንዴ ተቆርጦ ያልቃል፣ እስኪደርስ ትጠብቃለህ። ጡረታዬ ግን ወር በገባ ቁጥር ንግድ ባንክ ይገባል። ትንሽ ነው። ግን ጉልበቴ ሲደክም እንኳ አይቀርም። ዛፍ የሚቆርጥ ጉልበት ይፈልጋል፣ ካልሆነም የሚያስቆርጥ ልጅ። ልጆቹ ደግሞ አዲስ አበባ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ መሟሟት ያልከውን አንድ ነገር ልጨምርበት። የእኔ ጡረታ የሚታሰበው በዓመቴና በደመወዜ ነው እንጂ ገንዘቡ ባተረፈው ልክ አይደለም። ኪሳራው የሚነካኝ ማስተካከያ ሲደረግ ነው፣ የሚጨመርልን ከሌለ ከዚያ ነው የሚጎድለው። ስለዚህ ተቆጡ፣ ግን ስለ ትክክለኛው ነገር ተቆጡ።

ወደ ልጃችን ጥያቄ ልመለስ። የፍኖተ ሰላሟ፣ አባትሽ ከ2002 በፊት የት ነበሩ? ያን ዘመን የማሽን ባለሙያ የሆነ ሰው መንግሥት እርሻ ያላለፈ ጥቂት ነው። አየሁም ሆነ ብር ሸለቆ።

የፍኖተ ሰላሟ

አባቴ፣ እንዴት አወቁ? ብር ሸለቆ ነበሩ። ከ1982 እስከ 1989 የትራክተር ጥገና ላይ። እኔ አልተወለድኩም ነበር፣ እናቴ ናት የምታወራው። ግን ያ ጊዜ እኮ አልፏል ብለን ማንም አስቦት አያውቅም።

የአየሁ እርሻ ጡረተኛ

አላለፈም ልጄ! በመንግሥት ጡረታ ሥር የተሠራ አገልግሎት ከግሉ ጋር ይደመራል። ሰው ከመንግሥት ወደ ግል ሲሄድ ዓመቱን ሜዳ ላይ ጥሎት አይሄድም።

ሦስት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ ቋሚ ሠራተኛ ነበሩ ወይስ የወቅት? የወቅት ሠራተኛ ጡረታ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ሲለቁ ዳረጎት ወስደው ነበር? አንዴ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ወስደው ከሆነ ጉዳዩ ይለያልና አስቀድመሽ እወቂ። ሦስተኛ፣ የቅጥር ደብዳቤና የመልቀቂያ ወረቀት አላቸው? ብዙ ሰው መኝታ ቤት ሣጥን ውስጥ፣ ከዕቁብ ወረቀትና ከግብር ደረሰኝ ሥር ያስቀምጣል። እዚያ ፈልጊ። እኔ የራሴን ያገኘሁት ሚስቴ የሠርግ ልብስ ባስቀመጠችበት ሻንጣ ውስጥ ነው።

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ጋሼ ያነሱት ትልቅ ነገር ነው። ሰባቱ ዓመት ከተደመረ 25 ይሆናል። ስሌቱ 30 ሲደመር 18.75፣ ማለትም 48.75 በመቶ። በ8,000 ደመወዝ 3,900 ብር። በ14,000 ደግሞ 6,825 ብር። ከተነሳንበት 3,200 ጋር አስተያዩት። አንድ ሰው፣ አንድ የሥራ ሕይወት። ልዩነቱ ሁለት ወረቀት ነው፦ የደመወዙ ደብዳቤና የብር ሸለቆው ማስረጃ።

በነገራችን ላይ 25 ዓመት የሞላው ሰው ከፈለገ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ መውጣትም ይችላል። ለአባትሽ ግን አይሠራም፣ 25 የሚሞላላቸው 60 ሲሆናቸው ነው።

እናት ነኝ (ቢቸና)

እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ባለቤቴ ሹፌር ነበር፣ የአንድ አስመጪ ድርጅት መኪና ይነዳ ነበር። በሥራ ላይ እያለ ሞተ። ጡረታውን 12 ዓመት ከፍሏል። ለእኔ የጡረታው 50 በመቶ፣ ለሁለቱ ልጆቼ ለእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ነው። 18 ዓመት እስኪሞላቸው። ባለ ዲከረንሱ ወንድሜ፣ ብሩ ትንሽ ነው ስትል ገባኝ። ግን ባለቤቴ ዛፍ አልነበረውም፣ ደብተርና እስክሪብቶ የምገዛው በዚያ ነው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ስም ነው። ባለቤቴ ድርጅቱ ጋ በሙሉ ስሙ ነው ያለው። የልጆቼ የልደት ካርድ ላይ በቁልምጫው ተጽፏል። የጋብቻ ወረቀታችን ላይ ደግሞ የአያቱ ስም ተዘሏል። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ። ያንን አንድ ለማድረግ ቀበሌ፣ ፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ እንደገና ቀበሌ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን አይችልም። የማስተናግደው ለቀስተኛ ገና አልሄደም ነበር እኔ ፎቶ ኮፒ የማስነሳው።

እባካችሁ ባሎቻችሁ በሕይወት እያሉ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቧቸው። «ኃ» እና «ሀ» እንኳ ያጣላል።

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

እናት ዓለም፣ እግዜር ያጽናሽ። ያልሽው ወርቅ ነው። ዕድሜም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተሞላው የትውልድ ዘመን ነው የሚጸናው። በኋላ «ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ጨምሬ ነበር» ማለት አይሠራም። የፍኖተ ሰላሟ፣ አባትሽ ብር ሸለቆ ላይ ያስመዘገቡት ዕድሜና ዱቄት ፋብሪካው ላይ ያለው አንድ መሆኑን አረጋግጪ። ሁለቱን አገልግሎት ስትደምሪ ሁለቱ ዕድሜዎች ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ጫኝ አውራጅ (ቡሬ)

እናንተ ስለ 48.75 በመቶ ታወራላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ዜሮ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጭነት እንጭናለን። የ40 ቀን ውል ያስፈርሙናል። ሲያልቅ ሦስት ቀን ቤት እንውላለን፣ እንደገና ሌላ የ40 ቀን። አራተኛ ዓመቴ ነው። አንዴም ጡረታ ተቆርጦብኝ አያውቅም። ስንጠይቅ «አንተ ጊዜያዊ ነህ» ይሉናል። አራት ዓመት ጊዜያዊ!

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ፣ ያ 40 ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ የሚመለከተው ከ45 ቀን ላላነሰ ጊዜ የተቀጠረን ሰው ነው። ውሉን 40 ላይ የሚቆርጥ ሰው ሕጉን አንብቦታል ማለት ነው። እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ይህን ዘዴ ሲያቅዱትም ሰምቻለሁ። ያበሳጨኛል።

አራት ዓመት ያለማቋረጥ አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሠራ ሰው ግን በወረቀቱ ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም፤ ክርክሩ አለህ። የሚያስፈልግህ ማስረጃ ነው። ውሎቹን አትጣል፣ ሁሉንም። የክፍያ ወረቀት ላይ ስትፈርም ፎቶ አንሳ። ብቻህን አትሂድ። አብረውህ የሚሠሩት በሙሉ ካሉ የከተማው ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ክፍል ጋ አብራችሁ ሂዱ።

በማኅበር ተደራጅታችሁ በራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ አሠሪ የላችሁም። በግሉ ለሚሠራ ሰው በፈቃዱ ጡረታ ውስጥ የሚገባበት በር አለ፣ ግን 18 በመቶውን በሙሉ ራሱ ነው የሚከፍለው።

ባለ ዲከረንሱ (ፋግታ ለኮማ)

18 በመቶ ከአንድ ጫኝ አውራጅ ኪስ? ኧረ ተዉ። ይህን ያወጣ ሰው ኩንታል ተሸክሞ አያውቅም።

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

በዚህ አልጣላህም።

ሆቴል ውስጥ የምሠራ (ባሕር ዳር)

ጥያቄ አለኝ። እኔ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጥብኛል። ወረቀቱ ላይ አለ። ግን አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ስትለቅ ስታጣራ የሁለት ዓመት መዋጮዋ ገቢ አልተደረገም። ከእኛ ተቆርጦ የት ሄደ?

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ይሄን ጥያቄ ሁሉም ሰው መጠየቅ አለበት። መቆረጥና ገቢ መደረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አሠሪው ከአንቺ ቆርጦ፣ የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ፣ መዋጮውን ለሚሰበስበው መሥሪያ ቤት ከሠራተኞች ስም ዝርዝር ጋር ያስገባል። ድርጅት ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያዘገየው ይሄን ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛ ደመወዙ ሲዘገይ ይጮኻል፣ መዋጮው ሲዘገይ ግን ለዓመታት አያውቅም።

የደመወዝ ወረቀትሽን አትጣይ፤ እንደተቆረጠብሽ የሚመሰክረው እሱ ነው። መታወቂያሽንና የጡረታ ቁጥርሽን ይዘሽ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄደሽ «በስሜ እስከ ስንት ወር ገብቷል?» በይ። አንቺ ባሕር ዳር ስለሆንሽ ቅርብ ነው። የጡረታ ቁጥር ከሌለሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስጨንቅሽ እሱ ይሁን። ሥራ ላይ እያለሽ ጠይቂ። ከለቀቅሽ በኋላ ከሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የፍኖተ ሰላሟ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

የብር ሸለቆው የቅጥር ደብዳቤ ተገኝቷል። ቋሚ ነበሩ። የመልቀቂያው ግን የለም። ዳረጎት ስለመውሰዳቸው አባዬ «አልወሰድኩም» ይላሉ፣ እናቴ ደግሞ «ለበሬ መግዣ ያመጣኸው ምንድን ነበር?» ትላቸዋለች። ይህን እያጣራን ነው፤ ቤቱ ሁለት ቀን በዚህ ተከፋፍሏል።

አባዬ ስለ ደመወዙ ከፋብሪካው ባለቤት ጋር ተነጋገሩ። ወዲያው እሺ አላለም። 4,000ውን እጠቀልላለሁ፣ ቀሪው 2,000 በአበል ይቆይ አለ። ደመወዙ 12,000 ይሆናል ማለት ነው። እኔ 14,000 ካልሆነ ብዬ ነበር። አባዬ ግን «ይበቃኛል» ብለው ተጨባብጠዋል። ከኪሳቸው የሚቀነሰው 280 ብር ብቻ ነው።

ባለ ድርጅት ከደምበጫ

ጥሩ ነው። ደብዳቤው ወጣ?

የፍኖተ ሰላሟ

ገና ነው። «ሰኞ» ተብሏል።

የአየሁ እርሻ ጡረተኛ

ሰኞ እንዳያልፍ። የመልቀቂያ ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከአባትሽ ጋር ወርክሾፕ ውስጥ የነበሩ ሰዎች በሕይወት አሉ? የአንዳቸው ፋይል ከተገኘ የእርሳቸውም አብሮ መቀመጡ አይቀርም። ስማቸውን በግል መልእክት ላኪልኝ፣ እኔም የማውቃቸውን ልጠይቅ። ስለ በሬው ግን እናትሽን እመኚ።

ጫኝ አውራጅ (ቡሬ)

ሒሳብ ያዡ፣ የነገርከኝን ጀምሬአለሁ። የ11 ውል ወረቀት ሰብስቤአለሁ፣ ሌሎቹ ጠፍተዋል። ዘጠኝ ሆነናል። የክፍያ መፈረሚያውንም ዛሬ በስልኬ አንስቻለሁ። ስማችንና ብሩ ያለበትን ገጽ።

ሒሳብ ያዥ ነኝ (ደብረ ማርቆስ)

ጎበዝ። ቀኑና የድርጅቱ ማኅተም ያለበትንም ገጽ አንሳ። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ላይ ነው።